ቆጠራ በደቅ

ከባሕር ዳር ወደብ፣ በግንቦት ማለዳ፣
አሥራ ሰባት ሆነን፣ ከነጓዝ፣ ከነዕዳ፣
ጀልባ ላይ ስንወጣ ሥራ ተከፋፈለ፤
ስማቸው ፍራሹን ጥግ አደላደለ፤
ጤናዬ ዳይፐሩን በፌስታል ቋጠረች፤
አክስቴ የውብዳር ጸሎት ጀመረች፤
ለኔ የደረሰኝ ልጆቹን መቁጠር ነው።
«ያንቺ ዓይን ነጻ ነው፣ የሚጠብቀው የለው»
አለኝ የጤናዬ ባል። ቀልዱን መሰል፤ ሣቅሁ።
ጥርሴን ንፋስ መታው።

ሰባት ናቸው ልጆች፤ ትልቁ ዘጠኝ ዓመት፣
ትንሿ ሄራኒ ገና ሁለት የሞላት፤
ብርቱካናማውን መንሳፈፊያ ጃኬት
አጥልቀው ሲቀመጡ የፍራፍሬ ቅርጫት
መሰሉኝ፣ ሊሸጥ የወጣ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ኖላዊ ተጎንብሶ
እጁን ውኃ ነክሯል፣ እጅጌውን አርሶ፤
አራት፣ አምስት… ሶልያና «ጉማሬ!» ብላ
ጀልባውን አናጋች፣ በድንጋይ ተታልላ፤
ስድስት አስመለሰው፤ ሰባት ተኛችልኝ።
አባቴ ከኋላ «ሞሉ?» ሲል ጠየቀኝ።
«ሞልተዋል።»
ጥቂት ዝም። ደግሞ «ሞሉ?» አለኝ።

ደቅ ስንወርድ ቀትር ነው። የተከራየነው
የመምህር ይበልጣል ሁለት ክፍል ቤት ነው፤
ቆርቆሮው ላይ ማንጎ ዱብ፣ ዱብ ሲል ሌሊት፣
በዚያ ላይ ተጨምሮ የትንኝ ጩኸት፣
ደግሞም የየውብዳር የአክስቴ ማንኮራፋት።
ፍራሹ ለአሥራ ሰባት ዘጠኝ ነበር ብቻ፤
እግርና ራስ ገጥመን፣ እህል በስልቻ።

ቀን ቀን ስማቸው ነው፣ ኔትወርክ ፍለጋ
ድንጋይ ላይ የሚወጣ፣ ከመሥሪያ ቤት ሊያወጋ፤
ጤናዬና ባሏ «ጨው የረሳ ማነው?»
ይባባላሉ፤ ባለሱቁም ለቅሶ ሄዷል፣ ሱቁ ዝግ ነው።
ቆሮሶውን ጠብሰን ያለ ጨው በላነው፤
«ዓይኑ ያየኛል» አለ ኖላዊ፤ ተውነው።

በማግሥቱ ግን፣ ወደ ማምሻው ገደማ፣
ጥላ ሲረዝም፣ የወፍ ድምፅ ሲሰማ፣
ከዳር ስሰበስብ፣ ስቆጥር፣ ስምንት።
ደገምሁ።
ስምንት።
ጭቃ የለበሱ፣ ሁሉም አንድ ቀለም፤
የኔ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም።
ጎድሎ መደንገጥን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤
ተርፎ መደንገጥን ማን አስተምሮኛል?

አጠብኋቸው። ስምንተኛው ምንይችል ይባላል፤
አባቱ ደንገል ያጭዳል፣ እሱ ታንኳ ይቀዝፋል፤
ዕድሜውን ሲጠይቁት «ትልቅ ነኝ» ይላል።
ና ያለው ሰው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም፤
እራት ላይ እጁን ከትሪው አላጣሁም።

ለአባቴ «ስምንት ሆኑ» ብዬ ስነግረው በሣቅ፣
አልሣቀም። የሶላር መብራቱን ገፋው ራቅ።
ደቅ ነው የተወለደ። ከወጣ ሃምሳ ዓመት
አልረገጠውም ነበር፤ ሰበቡ ሁሌ ሥራ፣ ሁሌ ክረምት።
ዘንድሮ ነው «ልጆቹ ይዩት» ያለው በድንገት።
ያን ማታ ነገረኝ፣ ዓይኑ መሬት ላይ፦
«ለታናሼ ለአንሙት ቁጥር ሳስተምር ታንኳ ላይ፣
አንድ አልሁ ራሴን። ንፋስ ተነሣ ከላይ።
ሁለት ልል ስዞር…»
አልጨረሰውም። ትንኝ ገደለ፣ ክንዱ ላይ።

አንሙት። እንዲህ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው
ምን ብሎ ይሆን ያለቀሰው?

ስንመለስ፣ «ሞሉ?» አለኝ። ቆጠርሁ፤ ሰባት።
ምንይችል ዳር ቆሟል፣ የሶልያና ባርኔጣ ጆሮው ላይ ወርዶበት፤
እጁን አላውለበለበም፤
ማንጎ እየመጠጠ አየን፣ አየን፣ ዞረም።

ባሕር ዳር ደረስን። ወደብ ላይ፣ በግርግር፣
ጤናዬ ጨው ገዛች፤ ሣቅን። እኔ ስቆጥር
ሰባት ናቸው፣ ሙሉ፤ ማንም አልቀረብኝ፤
ለምን እንደሁ እንጃ፣ አንድ ጎደለብኝ።

ባጃጅ ውስጥ አባቴን ሳየው ጣቱን እያጠፈ
ይቆጥራል፣ በለሆሳስ። ሰባትን አለፈ።
ስምንተኛውን ጣት አጥፎ አልፈታውም፣
ቤት እስክንደርስም።